ከሆቴል አዳራሽ ወደ አራት በአራት ክፍል

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ በተጻፈና በተነገረ ቁጥር የድምፃውያኑ ስም በቅድሚያ ይወሳል፤ ቀጥሎም የዜማና የግጥም ደራሲዎቹ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የመሣሪያ ተጫዋቾቹ ይታወሳሉ። ያ ድምፅ በምን መሣሪያ፣ በምን ዓይነት ክፍል ውስጥ፣ በማንስ እጅ ተቀርጾ ከጆሯችን እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። በካሴት ሽፋኖቻችን ላይ የአከፋፋዩ ሱቅ አድራሻ በጉልህ ታትሞ የቀረጸው ሰው ስም ሲቀር ቅር ያለው ሰው አላጋጠመኝም።

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ከሙያችን ጋር የተያያዘ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ይህን ጉዳይ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቀን ቀን በመሐንዲስነት እየሠራሁ፣ ማታ ማታና በበዓላት ቀን በየካ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው የወላጆቼ ቤት ውስጥ የሮክ ባንዶችን ስቀርጽ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በዚሁ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ትልቅ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ስሕተቱም ከእኔ በፊት የነበሩት እንዴት ይሠሩ እንደ ነበር እንድመረምር አስገደደኝ። ስለ ስሕተቱ በስተመጨረሻ እመለስበታለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

የታሪኩ መነሻ ከቤታችን ብዙም የማይርቅ ሥፍራን ይነካል። በየካ የሚገኘው ሰፊው የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ዐፄ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን የሰጡት መሬት ነው። ጆን ሌን ሐሪንግተን በምኒልክ ቤተ መንግሥት የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆነው ሥራ በጀመሩበት ጊዜ፣ በ1898፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ቃላቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ። የንግሥቲቱ ሲሊንደር ከተሰማ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ እንዲጠፋ ተደረገ፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በአጸፋው ያስቀረጹት ቃል ግን እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። በዚያ ዘመን ማይክሮፎን የሚባል ነገር በቀረጻ ሥራ አልገባም ነበር። ተናጋሪው ጡሩምባ በመሰለ ቀንድ አፍ ላይ ተጠግቶ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ የድምፁም ግፊት መርፌውን እየነዳ በሰም ላይ ይጽፋል። ሁለት ሰዎች በአንድነት የሚቀረጹ ቢሆን የአንዱን ድምፅ ከሌላው የሚያስበልጠው ወይም የሚያሳንሰው ለቀንዱ ያላቸው ቅርበት ብቻ ነበር። ይህን የርቀት ሕግ አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ ከሰባ ዓመታት በኋላ በሆቴል አዳራሾቻችን ውስጥ እንደገና እናገኘዋለንና።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በአጭሩ ላልፈው እወዳለሁ። ተሰማ እሸቴ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ላይ የመጀመሪያዎቹን የኢትዮጵያ ሸክላዎች አስቀረጹ። በ1948 በወጣ ድንጋጌ ደግሞ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። በ1969 አምሐ እሸቴ የተባለ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረ የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት፣ ይህን ድንጋጌ ችላ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ መቶ ያህል ትንንሽና ከአሥር የማያንሱ ትልልቅ ሸክላዎችን አወጣ። በኋላም በአሊ ታንጎ ስም የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ በዚሁ ንግድ ገባ። ሸክላው የሚታተመው ባሕር ማዶ ስለ ነበር የተቀረጸው ቴፕ በአውሮፕላን ይላካል፤ ታትሞ ሲመለስ የሚገኝ ጉድለት ሊታረም አይችልም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚወጣው ቴፕ የመጨረሻ ቃል ነበር ማለት ነው።

ቴፑ የሚቀረጸው የት ነበር? የዚያ ዘመን ባንዶች ኑሯቸው በሆቴል እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዋልያስ በሒልተን፣ ኢቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዳህላክ በግዮን ይጫወቱ ነበር። ለባንድ ቀረጻ ተብሎ የተሠራ፣ ግድግዳው ድምፅ እንዲውጥ ሆኖ የተዘጋጀ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ ክፍል ያለው ስቱዲዮ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም፤ ስለዚህ መሣሪያው ባንዱ ወዳለበት ይሄዳል። ኢቤክስ በ1976 በመሣሪያ ብቻ የተጫወተውን ሥራ የቀረጸው በራስ ሆቴል አዳራሽ ነው። የሥራው ርእስ ራሱ «ስቴሪዮ» የሚለውን ቃል የያዘ መሆኑ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ ያለው ሰው ግራና ቀኙን ለይቶ መስማት መቻሉ በዚያን ጊዜ እንዴት ያለ ኩራት እንደ ነበር ያሳያል። ከዚያ በፊት በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከዚሁ ባንድ ጋር ያወጣው «እረ መላ መላ» ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ቤልጅግ ውስጥ ዳግም ታትሞ የውጭውን ዓለም ጆሮ ወደ እኛ እንዳዞረ ይታወቃል። ጊታሩን የሚጫወተው ሰላም ስዩም፣ ቤዙን የሚጫወተው ጆቫኒ ሪኮ ነበሩ። ጆሮውን አቅንቶ የሚያዳምጥ ሰው ቤዙና ጊታሩ በአንድ አየር ውስጥ ሲተነፍሱ ይሰማዋል።

ይህ «በአንድ አየር ውስጥ» ያልሁት ነገር ለቅኔ ያህል የተነገረ አይደለም፤ የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ሁለት ትራክ ብቻ ባለው ቴፕ ላይ አንድ ሙሉ ባንድ ሲቀረጽ ከበሮው፣ ቤዙ፣ ኦርጋኑ፣ ነፋሶቹና ድምፃዊው ሁሉ በዚያው ቅጽበት ተዋሕደው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ «ከበሮውን ጥቂት ዝቅ፣ ድምፃዊውን ጥቂት ከፍ» ማለት አይቻልም፤ እንቁላሉ ተመትቷል። ስለዚህ ማዋሐዱ የሚከናወነው ከቀረጻው በፊት በእግር ነው። ክፍት በሆነ ሥፍራ ከማይክሮፎኑ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የድምፁ ግፊት በግማሽ ይቀንሳል፤ ሳክስፎን ተጫዋቹ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሲል የሚገኘው ለውጥ ዛሬ በጣት ተገፍቶ ከሚገኘው አያንስም። ግድግዳ ባለበት አዳራሽ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የራቀው መሣሪያ ድምፁ ማነሱ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳ ከሚመለሰው ገደል ማሚቶ ጋር ይቀላቀላል፤ ጆሮም ይህን እንደ ጥልቀት ይረዳዋል። የዛሬው መሐንዲስ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሊፈጥር የሚደክምበትን ጥልቀት የራስ ሆቴል አዳራሽ በነፃ ይሰጥ ነበር።

ይሁን እንጂ ርቀት ብቻውን ባንድ አያስተካክልም። የቀረው የሚስተካከለው በተጫዋቾቹ ጆሮ ነው፤ ለዚህም የዘመኑ አኗኗር፣ ምሬቱ እንዳለ ሆኖ፣ የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ታውጆ ሳለ፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት ቤቱ ያልገባ ሰው እስኪነጋ ከክለቡ መውጣት ስለማይችል፣ ባንዶች ከምሽት እስከ ንጋት የሚጫወቱባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ኃይሉ መርጊያ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ» የተሰኘውን ካሴት በግዮን ሆቴል የቀረጸው በዚሁ ዘመን ነው። ይህን ያህል ሰዓት፣ ይህን ያህል ሌሊት አብሮ የተጫወተ ባንድ ድምፃዊው ሊጀምር ሲል ኦርጋኑን ማለዘብ እንዳለበት የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። የድምፅ ባለሙያው የሚያዋሕደው ጥቂት ነበር፤ አብዛኛውን ያዋሐዱት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው።

የዚያ ዘመን ቀረጻ እንከን የለሽ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። በብዙዎቹ ሸክላዎች ላይ የቤዙ ድምፅ ይደፈርሳል፤ ድምፃዊው ሲጮኽ ማይክሮፎኑ ይንቃቃል፤ የከበሮው ትልቁ ምት ከነጭራሹ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። «ድሮ ቀረ» እያሉ ማላዘን ለታሪክ ጸሐፊም ለመሐንዲስም አይበጅም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ጉድለቱ የመሣሪያው፣ ልኩ ግን የባንዱ ነበር።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ በኋላ ሸክላ ቀርቶ ካሴት ብቻውን ነገሠ። በዚያው ወቅት ባሕር ማዶ ሌላ ለውጥ ይካሄድ ነበር፤ ስቱዲዮው ወደ መኖሪያ ቤት መግባት ጀመረ። ለእኛ ሙያ ሰዎች ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የቶም ሾልዝ ነው። ይህ ሰው ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በመካኒካል ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪ አግኝቶ በፖላሮይድ ኩባንያ ተቀጥሮ የሚሠራ መሐንዲስ ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜው በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ አብዛኞቹን መሣሪያዎች ራሱ እየተጫወተና እየደራረበ ቀረጸ። በ1976 «ቦስተን» በሚል ስም የወጣው ያ የሮክ ሸክላ በአሜሪካ ብቻ በብዙ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። በ1979 ደግሞ የጃፓኑ ቲያክ ኩባንያ በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ የሚቀርጽ ትንሽ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ተራው ካሴት በአንድ ፊት ሁለት፣ በሌላው ፊት ሁለት ትራክ እንዳለው የታወቀ ነው፤ አዲሱ መሣሪያ አራቱንም በአንድ አቅጣጫ፣ በእጥፍ ፍጥነት እየነዳ ይጠቀምባቸዋል። ብሩስ ስፕሪንግስቲን የ1982ቱን «ነብራስካ» ቤቱ ውስጥ የቀረጸው በዚሁ መሣሪያ ነው።

ይህ ለውጥ ወደ እኛ ሙዚቃ የገባው በስደት በኩል መሆኑ ያስገርማል። ዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሻገር ኃይሉ መርጊያ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ በአንድ የሚያውቀው ሰው ትንሽ የቤት ስቱዲዮ ውስጥ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር እየደራረበ፣ ከበሮውን ለመኪና ምት ሰጥቶ ብቻውን ቀረጸ። ከሰባት ዓመት በፊት በግዮን ከአንድ ሙሉ ባንድ ጋር ይጫወት የነበረ ሰው አሁን ራሱ ባንድ ሆነ። ካሴቱ እጅግ የተወደደ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ሆኖም በውስጡ ያለው ብቸኝነት የስደተኛው ብቻ ሳይሆን የአሠራሩም ጭምር ይመስለኛል። ማንም ለማንም ቦታ የሚለቅበት፣ ማንም ማንንም የሚጠብቅበት ሙዚቃ አይደለም።

ከ1991 በኋላ በአገር ቤትም ኪቦርዱ የነፋሶቹን ረድፍ ተካ፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ቴፑን። በዚህ ዘመን ሊጠቀስ የሚገባው ሰው በ2019 በአርባዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው የተለየን ኤልያስ መልካ ነው። ቸሎ የተማረው ኤልያስ ስቱዲዮውን «በገና» ብሎ የሰየመ ሲሆን፣ በ2001 የወጣውን የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» ጨምሮ የአንድ ትውልድን ጆሮ የቀረጹ ሥራዎችን አቀናብሯል። በእርሱ እጅ መሣሪያው አገልጋይ ነበር። ከእርሱ በኋላ በየመንደሩ በተከፈቱት ክፍሎች ግን መሣሪያው ጌታ የሆነበትን ብዙ ሥራ ሰምቻለሁ። ከእነዚህ ክፍሎች አንዱ የእኔ ነው።

የሮክ ሙዚቃ በአገራችን ዘግይቶ የራሱን ስም አገኘ። ኤሌክትሪክ ጊታሩ ከ1960ዎቹ ጀምሮ አብሮን ቢኖርም፣ ራሱን የሮክ ባንድ ብሎ በሰፊው የታወቀው ጃኖ ባንድ ሲሆን፣ በ2012 ያወጣው «ኤርታሌ» በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጅነት የተሠራ ነው። እርሱን ሰምተው ጊታር ያነሡ ወጣቶች ናቸው በኋላ ወደ እኔ የመጡት።

ክፍሉ በወላጆቼ ግቢ ውስጥ ያለ አንድ የሰርቪስ ቤት ነው፤ አራት በአራት፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ምሰሶና ማገሩ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ድምፅ ለሚያውቅ ሰው አራት በአራት የሚለው ቃል ብቻውን ያስደነግጣል። በሃያ ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። (በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ፍጥነቱ ይለወጣል የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው።) በአራት ሜትር ግድግዳዎች መካከል የሚመላለሰው የመጀመሪያው ሞገድ በሰከንድ 43 ያህል ንዝረት አለው፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 41 ነው። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል በመሆኑ ይህ ሞገድ በሁለቱም አቅጣጫ ይደራረባል። ቤዝ ተጫዋቹ ያንን ክር ሲመታ ጥግ ላይ የቆመ ሰው ሆዱ ይንቀጠቀጣል፣ መሐል ላይ የቆመው ግን ይህን ያህል አይሰማውም። ወጣቶቹ የእንቁላል ካርቶን በግድግዳው ላይ እንድንለጥፍ መከሩኝ፤ የእንቁላል ካርቶን ለወፍራም ድምፅ ምንም አይፈይድም። ጥጋጥጉ ላይ ያቆምናቸው አሮጌ የጭድ ፍራሾች ይሻላሉ። ለሐምሌና ለነሐሴ ዝናብ ግን መድኃኒት አላገኘሁም፤ ቆርቆሮው መጮኽ ሲጀምር ሻይ እንጠጣለን። ሌሊት ደግሞ ከእንጦጦ የሚወርድ ጅብ በአንድ ድምፃዊ ላይ ጮኾ ያበላሸብን ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ። አራት ሆነው የመጡትን የመጀመሪያዎቹን ወጣቶች የቀረጽሁት በመጽሐፍ እንደ ተማርሁት ነው። ቅዳሜ ከበሮ መቺውን ብቻውን፣ በጆሮ ማዳመጫው የሰዓት ምት እያሰማሁ፤ እሑድ ቤዙን፤ በሳምንቱ ጊታሩን፤ በመጨረሻ ድምፃዊዋን። እያንዳንዱ ትራክ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ንጹሕ ነበር። ከዚያም ማታ ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አስተካከልሁት። ከበሮ መቺው የሚመታው የእኛኑ ችክችካ በሮክ ጉልበት ነበር። በፕሮግራሙ መሥመር ላይ ሳየው አጭሩ ምት ሁልጊዜ ከመሥመሩ ጥቂት ፈንጠር ብሎ ይወድቃል። ስሕተት መሰለኝና አንድ በአንድ እየጎተትሁ ከመሥመሩ ላይ አስቀመጥሁት። ድምፃዊዋ በአንቺሆዬ ቅኝት የምታዜመውን ደግሞ ፕሮግራሙ በአሥራ ሁለቱ እኩል እርከኖች ላይ እንዲያስተካክለው ፈቀድሁለት፤ በፒያኖው እርከኖች መካከል ያሳረፈቻቸው ድምፆች ሁሉ ወደ ቅርባቸው ተሳቡ።

ሥራውን ባሰማኋቸው ዕለት ዘፈኑ አልቆ እንኳ ማንም አልተናገረም። በመጨረሻ ከበሮ መቺው «ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ነው፤ ግን እኛ አይደለንም» አለኝ። በጨዋነት አመስግነውኝ ሄዱ። በኋላ ለወዳጆቻቸው የሚያሰሙት ልምምድ ላይ ሳሉ ወንበር ላይ በተቀመጠ ስልክ የተቀረጸውን ሆኖ አገኘሁት። በርግጥ ያናድዳል። የስንት ወር ድካም፣ የስንት ሺህ ብር ማይክሮፎን በአንድ ስልክ ተሸነፈ። የስልኩን ቅጂ ለምኜ ወስጄ ደጋግሜ ሳዳምጠው ግን ቤዙ ከበሮውን ሲጠብቀው፣ ጊታሩ ድምፃዊዋ ስትገባ ሲያፈገፍግ ሰማሁ። አጭሩ ምትም ሁልጊዜ በዚያው መጠን ፈንጠር ይላል፤ የእጅ ስሕተት ቢሆን አንድ ጊዜ እንዲህ፣ አንድ ጊዜ እንዲያ በሆነ ነበር። የኢቤክስንና የዳህላክን ሥራ እንደ መሐንዲስ ማዳመጥ የጀመርሁት ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው።

በዓመቱ ይቅርታ ጠይቄ ጠራኋቸው። በእናቴ ፈቃድ የሳሎኑን ጠረጴዛ አውጥተን፣ ሶፋዎቹን በግድግዳው ዙሪያ ደርድረን፣ ምንጣፉ ላይ አራቱንም በክብ አቆምኋቸው። ሁለት ማይክሮፎን ከመሐል፣ አንድ ለድምፃዊዋ ቀረብ አድርጌ፣ አንድ ለትልቁ ከበሮ። የመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ያለፈው ሰውና መሣሪያ ወዲያና ወዲህ በማንቀሳቀስ ነው። የጊታሩ ማጉያ በመጨረሻ ኮሪደሩ ውስጥ ገባ። ድምፃዊዋ ጀርባዋን ለከበሮው ሰጥታ መቆም ነበረባት፤ ፊቱን ካላየሁ አልዘፍንም ብላ እምቢ ስላለች መስተዋት አመጣንላት። ከሰባቱ ዘፈኖች አንዱ ከነአካቴው ሊሆን አልቻለም፤ በድምፃዊዋ ማይክሮፎን የገባው የከበሮ ድምፅ ሊለይ አይችልምና ጣልነው። በሌላው ላይ መብራት ሄዶ እንደ አዲስ ጀመርን። የቀሩት አምስቱ በእኔ እጅ የተነካካባቸው ነገር ጥቂት ነው፤ ከበሮ መቺውም ሲሰማ ራሱን እየነቀነቀ ዝም አለ፤ ይህኛው ዝምታ የመጀመሪያውን አይመስልም።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ቀረጻ አንድ ደብተር እይዛለሁ። ማን የት ቆመ፣ ከማይክሮፎኑ በስንት ሜትር፣ ዕለቱ ዝናብ ነበር ወይስ ፀሐይ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ። በ1970ዎቹ ውስጥ የሠሩት ባለሙያዎች ግን እንዲህ ያለ ደብተር ስለ መያዛቸው ከማንም አልሰማሁም፤ የሚያውቁትም ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። አምሐ እሸቴም ዓለማየሁ እሸቴም በአንድ ዓመት፣ በ2021 አልፈዋል። ከማኅበራችን አንጋፋ አባላት መካከል በዚያ ዘመን በሬዲዮ ጣቢያ ወይም በቴሌኮሙኒኬሽን ሲሠሩ፣ ቴፕና ማይክሮፎን ተሸክመው ወደ ሆቴሎቹ የወጡ፣ ወይም የወጣ የሥራ ባልደረባ የነበራቸው ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ። በመጽሔቱ አዘጋጆች በኩል ቢያገኙኝ ባሉበት ሄጄ ለማዳመጥ ዝግጁ ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ በራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከበሮው ከማይክሮፎኑ በስንት ሜትር ርቀት ላይ ነበር?